ጋምቢያ ልሄድ ነው ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ባንጁል የሁለት ዓመት ሥራ ማግኘትሽን ጽፈሽ፣ ስለ ጋምቢያ ስትፈልጊ ደረቅ ቁጥር ብቻ እንደምታገኚ ነግረሽናል። «ኖሮ ያየ ሰው ካለ፣ ሀገሪቱ ምን ያህል ትንሽ ናት? ሰዉስ? ገንዘቡስ? ሰላም ነው?» ብለሻል። እኔ ከ2018 መጀመሪያ እስከ 2019 መጨረሻ እዚያ ሠርቻለሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) ቁጥሮቹን ከመሄዴ በፊት እኔም ሸምድጃቸው ነበር። ምን ማለት እንደሆኑ የገባኝ ግን ወንዙን መሻገር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

አስቀድሜ ስሙን ላንሳ። ለዘመድ ስትነግሪ ግማሹ «ጋምቤላ» ብሎ ይሰማሻል፣ ግማሹ «ዛምቢያ»። ከዛምቢያ ጋር መምታታቱ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ዛምቢያ በ1964 ነጻ ወጣች፤ ጋምቢያ ደግሞ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1965። በእንግሊዝኛ ስሟ ፊት «ዘ» የምትለውን ቃል ይዛ የቀረችበት አንዱ ምክንያት ይሄው መመሳሰል ነው ይባላል። ደብዳቤና ዕቃ ሲላክልሽ አገሩን አስተካክለው እንዲጽፉ አደራ በያቸው።

ስፋቷ 11,300 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መቶ ጊዜ ያህል ትገባለች ማለት ነው። በአፍሪካ ዋናው ምድር ላይ ከሷ የሚያንስ ሀገር የለም። ሦስቱም ጎኗ ሴኔጋል ነው፣ አራተኛው አትላንቲክ ውቅያኖስ። ካርታው ላይ ስታዪያት በሴኔጋል ሆድ ውስጥ የገባች ረጅም ጣት ትመስላለች። ወርዷ በሰፊው ቦታ እንኳ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ርዝመቷ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ይህ ቅርጽ የመጣው ከወንዙ ነው። የጋምቢያ ወንዝ ከጊኒ ፉታ ጃሎን ተራሮች ይነሣል፣ ሴኔጋልን አቋርጦ ይመጣል። እንግሊዞች የያዙት ወንዙን ነበር፤ ፈረንሳዮች ደግሞ በዙሪያው ያለውን። በ1889 ፓሪስ ላይ ተስማምተው ከወንዙ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ለእንግሊዝ ተቆረጠ። ሽማግሌዎች የሚያወሩት ሌላ ነው። መርከብ ላይ ሆነው መድፍ ተኮሱ፣ ጥይቱ የወደቀበት ድንበር ሆነ ይሉሻል። ታሪክ ሳይሆን ተረት ነው። ነገር ግን ድንበሩ ሲሰመር መሬቱ ላይ የሚኖረውን ሰው የጠየቀ እንዳልነበረ ከተረቱ በላይ የሚናገር የለም። ወዲህም ወዲያም ያለው ያው ወሎፍ፣ ያው ማንዲንካ፣ ያው ፉላ፣ ያው ጆላ ነው። ወንድም እዚህ፣ እህት እዚያ። አንዱ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ ሌላው በፈረንሳይኛ።

እና ሀገሪቱን በስኩዌር ኪሎ ሜትር አትለኪያት። በወንዙ ለኪያት።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። በ2018 ለሥራ ወደ ፋራፌኒ ሄድን። ፋራፌኒ ሰሜን ዳርቻ ናት፣ ከሰሜን ሴኔጋል ወደ ካዛማንስ፣ ማለትም ከጋምቢያ በታች ወዳለው የሴኔጋል ክፍል የሚወርደው መንገድ የሚያልፍባት። ያኔ ወንዙን የሚያሻግረው ፌሪ ብቻ ነበር። ዳር ላይ የተሰለፈውን የጭነት መኪና ሳይ ደነገጥኩ። ሾፌሮቹ መኪናቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተኝተዋል፣ ምግብ ያበስላሉ፣ ልብስ ያሰጣሉ። አንዱ አራተኛ ቀኑ እንደሆነ ነገረኝ። የጫነው ሽንኩርት ነበር። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከፊታችን ያለው ውሃ ግን እያየነው፣ ማዶ ያለው ሰው በዓይን እየታየን ነው።

ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 እዚያው ቦታ ላይ የሴኔጋምቢያ ድልድይ ተመረቀ። የያኔዎቹ ሁለቱም ፕሬዚዳንቶች መጡ፣ የጋምቢያው አዳማ ባሮውና የሴኔጋሉ ማኪ ሳል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዚያው መንገድ ስናልፍ በደቂቃዎች ተሻገርን። አብሮን የነበረ ጋምቢያዊ ባልደረባችን መሀሉ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር፣ ልጅነቱን ሙሉ ስለዚህ ድልድይ ሲወራ ሰምቷል። የዚያን ቀን ትንሽ ሀገር ውስጥ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ባንጁል ራሷ ከማዶዋ ባራ ጋር የምትገናኘው ዛሬም በፌሪ ነው። ከዳካር በመኪና ከመጣሽ በዚህ ታልፊያለሽ። ጊዜሽን አታጥብቢ፤ ቀጠሮ ካለሽ አንድ ቀን ቀድመሽ ግቢ።

ሕዝቧ 2.4 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ በ2024 ቆጠራ መሠረት። ከአዲስ አበባ ያንሳል። ግማሹ ከሃያ ዓመት በታች ነው ብትዪ አትሳሳቺም። ደግሞ «ባንጁል» ስትባዪ ባንጁል ውስጥ የምትኖሪ እንዳይመስልሽ። ዋና ከተማዋ ወንዙ ውቅያኖስ የሚገባበት ደሴት ላይ ናት፣ ነዋሪዋም 30,000 ገደማ ብቻ ነው። በ1816 እንግሊዞች ሲመሠርቷት ባተርስት ይሏት ነበር፤ ባንጁል የተባለችው በ1973 ነው። መሥሪያ ቤቶቹ፣ ወደቡ፣ አልበርት ገበያ እዚያ ናቸው። ማታ ግን ሰዉ ወደ ሴሬኩንዳ፣ ባካው፣ ብሪካማ ይበተናል። ከሀገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ በዚያ አካባቢ ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው። ቤት ስትፈልጊ ባካው ወይም ፋጃራ ዙሪያ ሞክሪ። ትራንስፖርቱ ጌሌ ጌሌ የሚሉት ሚኒባስ ነው፣ እንደኛው ረዳት አለው።

አየሩ ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም። ከአዲስ አበባ 2,300 ሜትር ወርደሽ ከባሕር ጠለል ጋር እኩል ነው የምትኖሪው። ዝናቡ ከጁን እስከ ኦክቶበር ነው፣ የወባው ጊዜም ያኔ። አጎበር ያዢ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን አትርሺ። በነገራችን ላይ ፋጃራ ከ1947 ጀምሮ በእንግሊዞች የተቋቋመ የሕክምና ምርምር ማዕከል አለ። በወባና በልጆች ክትባት ላይ እዚያ የተሠራው ሥራ ለአፍሪካ ሁሉ ተርፏል።

ገንዘቡ ዳላሲ ይባላል። በኔ ጊዜ አንድ ዶላር 50 ዳላሲ አካባቢ ነበር፣ አሁን ከ70 አልፏል። ኑሮው የቆመው በሦስት ነገር ነው። ኦቾሎኒ፣ ቱሪስት እና ውጭ ያለ ዘመድ የሚልከው ብር። ቱሪስቱ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ከአውሮፓ ብርድ ሸሽቶ ይመጣል፤ ዝናብ ሲገባ ሆቴሉ ይዘጋል፣ አስተናጋጁ ቤቱ ይቀመጣል። ስለዚህ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ነው። ወንድ ልጅ ሲጎረምስ ልቡ ወደ «ባክዌይ» ይሄዳል። በሰሃራና በሊቢያ አድርጎ ባሕር የሚሻገረውን መንገድ ነው እንዲህ የሚሉት። የኛን ሰፈር ልጆች አስታወሰኝ። የቤት አከራዬ የበኩር ልጇ በዚያ መንገድ ሄዶ ነበር፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሩዝ በየቀኑ ይበላል፣ አብዛኛው ግን ከውጭ የሚገባ ነው። ወንዙ ዳር እየኖሩ ለምን ብዬ ጠይቄያለሁ። የባሕሩ ጨው በበጋ ወንዙን ይዞ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይገባል። የሚጠጣ፣ የሚያጠጣ ውሃ የምታገኚው ወደ ላይ፣ ወደ ጃንጃንቡሬ ስትጠጊ ነው። እዚያ ሩዙን የሚተክሉት፣ የሚያርሙት በብዛት ሴቶች ናቸው።

ምግባቸውን ትወጂዋለሽ። ዶሞዳ በኦቾሎኒ የሚሠራ ወፍራም ወጥ ነው፣ ሩዝ ላይ ይደረጋል። ቤናቺን ሩዙም ዓሣውም አትክልቱም በአንድ ድስት የሚበስል ነው። ከአንድ ሳህን፣ በቀኝ እጅ፣ ከፊት ለፊትሽ ካለው ነው የሚበላው። ይህን ማንም ማስተማር አያስፈልግሽም። በርበሬና ሽሮ ግን ይዘሽ ሂጂ፣ ጤፍ አታገኚም።

ከምሳ በኋላ አታያ አለ። የቻይና አረንጓዴ ሻይ ነው፣ በከሰል ላይ ይፈላል፣ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። የመጀመሪያው መራራ፣ ቀጥሎ እየጣፈጠ ይሄዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካን እዚያ አገኘኋቸው። ማንዲንካዎች ሲያመሰግኑ «አባራካ» ይላሉ። ከኛ ሦስተኛ ስኒ ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ የዓረብኛው ባረካ። የሰላምታቸው ርዝመትም የኛው ነው። እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ልጆች። ወሎፉ መልሱን «ጃም ሬክ» ይልሻል፣ ሰላም ብቻ ማለት ነው። ሰላምታ ሳትጨርሺ ዋጋ አትጠይቂ።

ከ95 በመቶ በላይ ሙስሊም ነው። ገናና ፋሲካም በሕግ የሥራ መዝጊያ ናቸው፣ ኦገስት 15 የእመቤታችን ዕርገት ጭምር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አንድም ቀን ባይተዋርነት አልተሰማኝም። ለቶባስኪ፣ የኛው ዓረፋ ማለት ነው፣ ከሦስት ቤት ሥጋ መጥቶልኛል።

ሰላሙን በተመለከተ ትንሽ ታሪክ ልጨምር። በጁላይ 1994 ያህያ ጃሜ የተባለ የ29 ዓመት ወታደር መንግሥት ገልብጦ 22 ዓመት ገዛ። በዲሴምበር 2016 በምርጫ ተሸነፈ። እዚያ የሚመረጠው በወረቀት ሳይሆን በብይ ነው። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቀለም የተቀባ በርሜል አለ፣ ብዪቱን ስትጥዪ ውስጥ ያለው ደወል አንዴ ይጮኻል። ሁለቴ ከጮኸ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። ማንበብ የማይችልም ሰው ድምፁን በራሱ እጅ ይሰጣል፤ ይህን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል። ጃሜ መጀመሪያ ሽንፈቱን ተቀበለ፣ ኋላ አሻፈረኝ አለ። ያሸነፈው ባሮው ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸመ፣ የምዕራብ አፍሪካ ሀገሮች ጦር ገባ፣ ጃሜም በጃንዋሪ 2017 ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ሄደ።

እኔ እያለሁ በጃንዋሪ 2019 በጃሜ ዘመን የተፈጸመውን በደል የሚያጣራው የእውነት ኮሚሽን ምስክር መስማት ጀመረ። በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ይከፈታል፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። አንዴ አንዲት እናት ስለ ልጇ ስትመሰክር ሾፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ አለቀሰ። ማናችንም እንሂድ አላልንም።

ሥራሽ ከሰብዓዊ መብት ጋር ከሆነ ደግሞ አንድ ዝምድና አለሽ። የአፍሪካ ሰብዓዊና ሕዝቦች መብት ኮሚሽን ሥራውን በይፋ የጀመረው በኖቬምበር 1987 አዲስ አበባ ላይ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ያለው ግን ባንጁል ነው፤ ኮሚሽኑ የቆመበትን ቻርተርም ብዙ ሰው የባንጁል ቻርተር ይለዋል።

የምትሄጂው በየትኛው ወር ነው? ዝናብ ላይ ከሆነ ቤት አከራይሽን ስለ ጣሪያውና ስለ ጎርፍ አስቀድመሽ ጠይቂ። ወሩን ጻፊልኝና ምን ዓይነት ልብስ እንደሚበጅሽ እነግርሻለሁ።