የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ምን ያህል ራም ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራበት ዴስክቶፕ ራሙ 4 ጊጋባይት ሲሆን፣ ወርድ፣ ኤክሴልና ክሮም አንድ ላይ ሲከፈቱ እየተንቀራፈፈ ደንበኛ ያስቆምብኛል። አንዱ ነጋዴ ከ16 በታች እንዳልገዛ መከረኝ፤ ሌላው ደግሞ ባለ 500 ጊጋ ነው ብሎ ያገለገለ ኮምፒውተር አሳየኝ። ኮምቦልቻ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ምሕንድስና የሚማረው ልጄም ላፕቶፕ ይፈልጋል። ለእኔና ለእሱ ምን ያህል ራም ይበቃናል?

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ 500 የተባለው ፋይሎች በቋሚነት የሚቀመጡበት የሃርድ ዲስኩ መጠን ነው፤ ከጥያቄዎ ጋር አይገናኝም። ራም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ሳለ የተከፈቱትን ፕሮግራሞችና ሰነዶች የሚይዝ፣ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ የሚያስታውስ ክፍል ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ሴቭ ያልተደረገው ማመልከቻ አብሮ የሚጠፋውም ስለዚሁ ነው።

መጠኑን ለመወሰን ከነጋዴው ይልቅ አሁን ያለውን ኮምፒውተርዎን ቢጠይቁ ይሻላል። ሥራ በበዛበት ሰዓት፣ ዘወትር የሚጠቀሙባቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ተከፍተው ሳለ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ይጫኑ፤ በሚመጣው ታስክ ማናጀር ላይ ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎም ሚሞሪ የሚለውን ሲመርጡ ከራሙ ምን ያህሉ እንደተያዘ ያያሉ። እንደገመትነው ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከሆነ፣ የመንቀራፈፉ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው፤ ዊንዶውስ ራሙ ሲጠበው የተረፈውን ወደ ዲስክ እየገለበጠ መልሶ ያነባል፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል መባሉም አያታልልዎት፤ ይህ ለመጫን የሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን እንጂ ተረጋግቶ የሚሠራበት አይደለም። ክሮም ለሚከፈቱት ገጾች በአብዛኛው ራም የሚይዝ የየራሳቸውን ሂደት (ፕሮሰስ) ስለሚያስነሣ፣ ብዙ ገጽ ከፍቶ የሚተው ሠራተኛ ካለዎት ይህን 4 ጊጋባይት ክሮም ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል።

ስለዚህ ለእርስዎ ሥራ 8 ጊጋባይት ይበቃል። በእኛ አስተያየት ለ16 ሊያወጡት የነበረውን ልዩነት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ቢገዙበት ይበልጥ ይጠቅምዎታል፤ ኮምፒውተሩም ሆነ ፕሮግራሞቹ ቶሎ ይነሣሉ፣ ራሙ አልፎ አልፎ ቢሞላም መጉላላቱ ይቀንሳል። አዲስ ኮምፒውተር መግዛትም ላያስፈልግዎት ይችላል፣ በነባሩ ላይ መጨመር ይቻላልና። ሆኖም አስቀድመው ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ የተለመዱት የዊንዶውስ 10 ባለ 32 ቢት እትሞች ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም ስለማይችሉ፣ ባለ 64 ቢቱ ካልተጫነ የሚጨምሩት ራም ያለ ሥራ ይቀመጣል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የተባሉት የራም ዓይነቶች አይተካኩም፤ ከሥር ያለው ቁርጣቸው የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆነ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም፣ የላፕቶፑ ደግሞ ከዴስክቶፑ ያጠረ ነው። ስሙን በቃል ከመናገር የነበረውን ራም አስፈትቶ ወደ ሱቁ ይዞ መሄድ ያዋጣል። ከተጨመረ በኋላ 8 መሆን የነበረበት 7.8 ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ቢታይ ተጭበረበርኩ አይበሉ፤ የራሱ ማህደረ ትውስታ ያለው የግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ስክሪኑን የሚያሠራው ክፍል ከራሙ ላይ ጥቂት ይወስዳል።

የልጅዎ ጉዳይ ይለያል። የንድፍ መሳያ ፕሮግራም የሆነው አውቶካድ የ2024 እትሙ ከ8 ጊጋባይት አያንስልኝ ይላል፤ የሕንፃ ሞዴል የሚሠራበት ሬቪት የዚያው ዓመት እትም ደግሞ ከ16 ይጀምራል። የነጋዴው ምክር ለእሱ ቢሆን ትክክል ነበር። ገንዘቡ ለጊዜው ካልሞላ፣ በኋላ የሚጨመርበት ከሆነ ብቻ ባለ 8 ላፕቶፕ መግዛት ይቻላል። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ራማቸው በዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ላይ ስለተበየደና ሌላ መሰኪያ ስለሌላቸው ምንም አይጨመርባቸውም። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ያንኑ የሚሞሪ ገጽ ከፍቶ ያሳይዎት፤ ስሎትስ ዩዝድ በሚለው መስመር 1 ከ2 የሚል ከተጻፈ አንድ ባዶ መሰኪያ መኖሩን ያመለክታል፤ ያም ቢሆን የጀርባውን ክዳን አስከፍቶ በዓይን ማየት ይመረጣል።