ወርክሾፕ ላይ ያማረው ሰማይ ቤት ሲገባ ለምን ጭቃ ይሆናል?

«የሦስት ቀን የውሃ ቀለም ወርክሾፕ ወሰድኩ። እዚያ የሠራሁት ሰማይ ራሴንም ገረመኝ። ቤት መጥቼ ስሞክረው ጭቃ ሆነ። ሌላ ወርክሾፕ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ኧረ አይቅርብሽ! ሌላ ወርክሾፕም አሁኑኑ አትመዝገቢ። እኔ እስካሁን አምስት ወስጃለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከሰርተፍኬት በቀር የተረፈኝ ነገር የለም። ስለዚህ ከራሴ ስህተት ልንገርሽ፤ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሺኝ።

ከእጅሽ በፊት ወረቀትሽን ልጠይቅ። ቤት የሠራሽበት ወረቀት እዚያ ከተሰጠሽ ጋር አንድ ነው? እኔ ከመጀመሪያው ወርክሾፕ እንደተመለስኩ ቤት የነበረኝን ስስ የንድፍ ደብተር አወጣሁና ያንኑ ሰማይ ልደግም ታገልኩ። ወረቀቱ ተጨማደደ። ቀለሙ በየቦታው ኩሬ ሠራ። አስተማሪውን በሆዴ አማሁት፤ «ዋናውን ነገር ደብቆናል» አልኩ። ከወራት በኋላ ከወርክሾፑ የተረፈች ግማሽ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አገኘሁ። እሷ ላይ ስሞክር ሰማዩ መጣ! ለካ ያ ወረቀት ከጥጥ የተሠራ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ነበር። የጥጥ ወረቀት ውሃውን ወደ ውስጥ ይስብና እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ቀለም ለማዋሃድ ጊዜ ይሰጥሻል። ርካሹ ግን ቶሎ ይደርቃል፣ ያውም አንዱ ጥግ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ። እኔ ያን ሁሉ ወራት ችሎታ የለኝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሙከራዎች ዕቃ አትቀይሪ። ያው ወረቀት፣ ያው ብሩሽ፣ ያው ቀለም። ወረቀቱ ከተወደደብሽ አራት ቦታ ቆርጠሽ ትንንሽ ሥሪ። ሁሉም ያው ሆኖ ሰማዩ እምቢ ካለ፣ ያኔ ችግሩ እጅ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ማስታወሻ አያያዝ ነው። የእኔን የድሮ ደብተር ብታዪው ትስቂያለሽ። «ግራጫ፦ አልትራማሪን (ሰማያዊ) ከበርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ) ጋር» የሚል ገጽ ሙሉ የቀለም ድብልቅ ነው። ድብልቁ እኮ የትም ይገኛል። ያልጻፍኩት ሌላ ነበር፤ ብሩሹ ምን ያህል እርጥብ ነበር? አስተማሪው ሁለተኛውን ቀለም መቼ ጨመረ? መቼ እጁን ሰበሰበ? የውሃ ቀለም ነገሩ ሁሉ ሰዓቱ ላይ ነው። ወረቀቱ እንደ መስታወት ሲያበራ ቀለም ብትጨምሪ ለስልሶ ይዋሃዳል። ማብራቱ መደብዘዝ ሲጀምር ግን ጠንቀቅ በይ። ያን ጊዜ ከወረቀቱ ይልቅ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ካሳረፍሽ ውሃው ቀለሙን ገፍቶ ዳር ዳሩ የተሸነሸነ፣ የአበባ ጎመን የሚመስል እድፍ ይተውልሻል። የአንቺ ጭቃ ከዚህች ደቂቃ የመጣ ይመስለኛል። አብዛኞቻችን ሰማዩን የምናበላሸው «ትንሽ ላስተካክል» ስንል ነው። አስተማሪው አጠገብሽ ሲቆም «በቃ፣ ተዪው» ይልሽ ነበር። ቤት ውስጥ «ተዪው» የሚልሽ የለም። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ ፊት ለጥፌዋለሁ፤ «ካላበራ፣ አትንካ»።

አስተማሪው ብሩሽሽን ተቀብሎ ሥዕልሽን ያስተካከለበት ቦታ ካለም አስታውሺው። ሰው ሁሉ የሚያወድስልሽ ያቺን ቦታ ከሆነ፣ ያ የእሱ እጅ ነው። ልንገርሽ፣ የእኔ ምርጥ የወርክሾፕ ሥዕል ላይ ምርጧ ዛፍ የእኔ አይደለችም። አሁን በኋላው በኩል በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ፤ «ይህን እሱ ነካው፣ ጥላውን አጠቆረው»። ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምለማመደው ያንን ነው።

መቼ ልለማመድ ካልሽ፣ ዛሬ ማታ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የለሽ ቃላትን በቃሉ እያጠና ምን ያህሉን እንደሚረሳ በራሱ ላይ ለካ። ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ሥዕል ቃል ማጥናት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን በእኔ ላይ የደረሰው ያው ነው። አራተኛው ወርክሾፕ ላይ በየማታው፣ ደክሞኝም ቢሆን፣ የቀኑን ትምህርት ማስታወሻ ሳላይ በፖስታ ካርድ መጠን ደገምኩት። የጎደለውን ጠዋት አስተማሪውን ጠየቅኩ። ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያተረፍኩት ከዚያ ነው። በስልክ መቅረጹም ጥሩ ነው፣ አስተማሪው ከፈቀደ። እኔ የቀረጽኩትን ግን እስካሁን አላየሁትም፤ የሚያይ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

የአስተማሪውን ቀለም ሁሉ ለመግዛት አትሩጪ። እኔ 14 ቱቦ ገዝቼ የምጠቀመው አራቱን ነው። የዘይት ቀለሙ ስዊድናዊ ሰዓሊ አንደርስ ዞርን እንኳ ስሙ የሚነሳው ከአራት ቀለም ጋር ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ቨርሚሊየን ቀይና ጥቁር።

አንድ ነገር ምረጪ፤ ሰማዩን ብቻ። ዛፉ፣ ውሃው፣ ሰዉ ሌላ ወር ይጠብቁ። አሥር ትንንሽ ሰማይ ሥሪና ከኋላቸው ቀኑን፣ ደግሞም ብሩሹን ስንት ጊዜ ወደ ወረቀቱ እንደመለስሽ ጻፊ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ትናደጃለሽ፤ እኔ ስድስተኛውን ቀድጄዋለሁ። ሲሳካ ደግሞ የራስሽን ፎቶ አይተሽ ሥሪ። አስተማሪው በሰጠው ፎቶ የሠራሽውን እንደ ራስሽ ፈጠራ ለሽያጭ ባታቀርቢ ይሻላል።

እስቲ የወርክሾፑንና የቤቱን ሰማይ ጎን ለጎን አድርገሽ ፎቶ ለጥፊልን። የወረቀቱን ዓይነትም ጻፊ፤ ዳር ዳሩን ካየሁት መቼ እንደነካሽው መገመት አያቅተኝም።