«ዳታ የለም» ላልሽኝ እህቴ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ዘንድሮ ትጨርሻለሽ፣ የአዲስ አበባን እግረኛ በዳታ ማጥናት ትፈልጊያለሽ፣ ግን «እዚህ ዳታ ስለሌለ» አጎትሽ ከፍሎልሽ አውሮፓ ማስተርስ ልትሄጂ አስበሻል፣ አባትሽ ደሞ የግንባታ ሳይት ገብተሽ ሥሪ፣ መንገደኛ መቁጠር የኢንጂነር ሥራ አይደለም ብለውሻል። ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋው) ይሻላል ወይስ ጂአይኤስ (ዳታን ካርታ ላይ ማስቀመጫው) ብለሽም ጠይቀሻል።

ይቺ «ዳታ የለም» የምትባል ነገር ነች ያናደደችኝ።

እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት በእግረኛ ቆጣሪነት ነው፣ በቀን አበል፣ መገናኛ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ፎርም ይዤ ቆሜ። በየ15 ደቂቃው ወንድ፣ ሴት፣ ሸክም የያዘ እያልኩ ጭረት መጫር ነው። ታዲያ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ሳይ የእግረኛ መንገዱ ባዶ ነው፣ ሰው በሙሉ አስፋልት ላይ ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋ ይሄዳል፣ ወረድ ብዬ ሳጣራ ለካ አንድ ግንባታ የቆርቆሮ አጥሩን አውጥቶ መንገዱን ዘግቶታል፣ ሰዉ ደሞ ስለለመደው ገና ከሩቁ ይወርዳል። ፎርሙ ላይ «አስፋልት ላይ የሚሄድ» የሚል ቦታ የለም። ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሬ መጫር ጀመርኩ። (ያሠራን ቢሮ «ይሄን አልተጠየቅንም» ብሎ ከሪፖርቱ አወጣው፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል።) ያቺን መስመር አውሮፓ ተቀምጠሽ ዳውንሎድ አታደርጊያትም።

በዚህ ከተማ ከ100 ጉዞ 54 ያህሉ በእግር ነው ይባላል፣ በትራፊክ አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚሄድ የሞተር አልባ ትራንስፖርት (የእግርና የብስክሌት) ስትራቴጂ አለ፣ በኮሪደር ልማት ደሞ ፒያሳና ቦሌ ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ ተሠራ፣ ጥሩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሴቶች የትኛውን መርጠው ይሄዳሉ፣ የትኛውን ይሸሻሉ ብትዪ ግን ቆሞ ያየ ሰው ነው የሚመልስልሽ።

ስለዚህ ሰፈርሽ ውስጥ አንድ ቦታ ምረጪ፣ አንድ የሥራ ቀን አንድ የገበያ ቀን ቁጠሪ፣ በእግረኛ መንገዱ የሄደውንና አስፋልት የወረደውን ለዪ፣ ለምን እንደወረደም ጻፊ፣ ቦይ ክፍት ሆኖ ነው፣ ጉልት ነው፣ ጭቃ ነው። ስልክሽ ላይ የኮቦ ቱልቦክስን መተግበሪያ ኮቦ ኮሌክትን ጫኚ፣ ፎርሙን በወረቀት ፋንታ እሱ ላይ ትሞያለሽ፣ ካርታውን ኪውጂአይኤስ በሚባለው የጂአይኤስ ሶፍትዌር ሥሪ፣ በነፃ ነው፣ የሰፈርሽን የእግረኛ መንገድም ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ፣ ማንም ሰው የሚጨምርበት የኢንተርኔት ካርታ ላይ፣ አስገቢ። ለቀጣሪ የምታሳዪው ይሄንን ነው።

ሳይቱ ደሞዝ ካለው ግቢ እንጂ፣ ቅዳሜ ትቆጥሪያለሽ። አባትሽም ቢሆኑ ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ነው፣ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። የአጎትሽን ብር ግን ተይው፣ የዘመድ ብር በይሉኝታ ነው የሚከፈለው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የራስሽን ቆጠራ ይዘሽ ስኮላርሺፕ ጠይቂ። መጀመሪያ ጂአይኤስ፣ ፓይተን ኤክሴሉ አልችል ሲልሽ ይደርሳል።

ደሞ ከዩኒቨርሲቲሽ ማኅተም ያለው የትብብር ደብዳቤ አጽፊ። ወረቀት ይዞ አንድ ቦታ የተገተረ ሰው ምን እየሠራህ ነው መባሉ አይቀርም፣ እኔን መገናኛ ላይ አንዱ ተራ አስከባሪ ከገቢዎች የተላክሁ መስሎት ግማሽ ቀን ሲከታተለኝ ነው የዋለው።