ክረምት ሲገባ የሚመጣው የሻጋታ ሽታ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ወላጆቻችን ባሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ከጥቂት ዓመታት በፊት በሲሚንቶ ተለስኖ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ መኝታ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት ነጠላ ሳይቀር ሽታውን ይዞታል። ዕጣን አጨሳለሁ፣ ወለሉንም በበረኪና እወለውላለሁ፤ ሽታው ግን በማግስቱ ይመለሳል። ለዘመን መለወጫ ቤቱን እንደገና ቀለም ለማስቀባት አስበናል። ይህ ይበቃል ወይስ ሌላ መላ አለ?

አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ቀለሙን ለጊዜው ያቆዩት። ለእንቁጣጣሽ ቤት ማሳመር ደስ የሚል ልማድ ቢሆንም፣ ከሰኔ ጀምሮ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ግድግዳ በጳጉሜን ገና ጨርሶ አልደረቀም። በዚያ ላይ ሌላ የዘይት ቀለም ሲደረብበት ውሃው መውጫ ያጣል፤ ቀለሙም ብዙ ሳይቆይ አብጦ ይላጣል።

የሚሸትዎት ሻጋታ በሚያድግበት ጊዜ የሚለቀው ተን ነው። ሻጋታው በዓይን ባይታይም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ወይም ከኮርኒሱ በላይ ሊኖር ይችላል። ምግቡን ከጭድ፣ ከእንጨት፣ ከጨርቅና ከአቧራ ስለሚያገኝ በምግብ ልናስርበው አንችልም፤ ልንነፍገው የምንችለው ውሃውን ብቻ ነው። ዕጣኑ ሽታውን ለጥቂት ሰዓታት ይሸፍነዋል እንጂ እርጥበቱን አይነካውም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይለዩ። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚያህል ንጹሕ ላስቲክ ወስደው ሽታው በሚበረታበት ግድግዳ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉና ለሁለት ቀን ይተዉት። ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ወደ ክፍሉ በሚያየው ገጽ ላይ ከታየ ደግሞ ከቤቱ አየር የመጣ ነው። ሁለቱም ከሆነ (በአሮጌ ቤቶች ብርቅ አይደለም) በግድግዳው ይጀምሩ።

ግድግዳው ውሃ የሚስብ ከሆነ ወደ ውጭ ወጥተው የመሬቱን ከፍታ ይመልከቱ። በብዙ መንደሮች ጠጠርና ኮብልስቶን በየጊዜው ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ እያለ፣ የቤቱ ወለል ግን ባለበት እየቀረ ስለሄደ፣ የጎርፉ ውሃ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሥር ይተኛል። ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚወርደው ዝናብም አሸንዳ ከሌለው እዚያው ሥሩን እየመታ ይረጫል። አሸንዳ ማሰር፣ የሚወርደውንም ውሃ በቦይ ከቤቱ ማራቅ ከሁሉም ይቀድማል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ያለው የሲሚንቶ ልስን በበኩሉ ከሥር የሚወጣውን ውሃ አፍኖ ይይዛል፤ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ያለበት መስመር ካዩ፣ ወይም በጣትዎ ሲመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ፣ ያ ክፍል መነሳት አለበት። በበጋው፣ በተለይ በጥርና በየካቲት፣ የተበላሸውን ልስን አስነሥተው ግድግዳው እስኪደርቅ ካስቆዩ በኋላ በጭድ በተቦካ ጭቃ ያስመርጉት፤ ላዩንም በኖራ ያስቀቡት። አንዳንድ ግንበኞች ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ ይሻላል ብለው ሊከራከሩዎት ይችላሉ፤ ለብሎኬት ቤት እውነት ነው፣ ለጭቃ ቤት ግን ጥንካሬው ራሱ ነው ችግሩ፤ እንጨትና ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር አብሮት አይንቀሳቀስም።

ጤዛው ከቤቱ አየር ከሆነ ጉዳዩ ቀለል ይላል። በክረምት የአዲስ አበባ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ ከምግብ ማብሰያና በቤት ውስጥ ከተሰጣ ልብስ የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛው ቆርቆሮና ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት ፊት ለፊት የሚተያዩ በርና መስኮቶችን ለሩብ ሰዓት ያህል ወለል አድርገው ይክፈቱ፤ ቁም ሣጥኑንና አልጋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ያርቁ። ለቡና የተጎዘጎዘውንም ቄጤማ አያሳድሩት። ቤቱን ለማድረቅ ብለው በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሽታ የሌለው ጋዙ ሰው ይገድላል።

ነጠላውን አጥበው በፀሐይ ያስጡት፤ ቁም ሣጥኑንም ባዶ አድርገው ውስጡን በሳሙናና በውሃ ከወለወሉ በኋላ በሩን ከፍተው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። በረኪና ለሊሾና ለሴራሚክ ጥሩ ነው፤ በጭቃ ወይም በእንጨት ላይ ግን ሥራው ላዩ ላይ ይቀርና ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከአቼቶ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ሻጋታውን በደረቁ አይቦርሹት፤ ብናኙ በቤቱ ሁሉ ይበተናልና በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት። በቤትዎ አስም ያለበት ሰው ካለ በዚያ ክፍል እንዳይተኛ ያድርጉ፤ በጽዳቱም ላይ አይሳተፍ።