የእናትሽን ትንፋሽ መለካት ሥራ ይሆናል?

"ስፖርት ሳይንስ ተመርቄያለሁ። እናቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ዛሬም አንድ ፎቅ ወጥታ ታለከልካለች። እንደ እሷ ያሉ ሴቶችን አቅም መለካት እንጀራ ይሆነኛል?" ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ እንኳን እናትሽን ማረልሽ። አዎ፣ ይሆናል። በዚህ ስም የወጣ የሥራ ማስታወቂያ ግን አይቼ አላውቅም፤ የምትገቢው በጎን በር ነው።

የእናትሽ ድካም ስንፍና አይደለም። እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ የኬሞ መድኃኒቶች ልብን ሊጎዱ ይችላሉ። ብዙ መተኛትም ጡንቻን ያሳሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት የጡት ካንሰር ያገኛቸውን 248 ሴቶች ለክቶ ነበር። ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው ስፖርት ከማይሠሩ ጤነኛ እኩዮቻቸው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ያንስ ነበር።

ዋናው መለኪያ ጭምብል አጥልቆ ብስክሌት እየነዱ የሚሠራው ነው፤ ማሽኑ ግን ውድ ነው። አንቺ በስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ጀምሪ፤ ሴትዮዋ በስድስት ደቂቃ የቻሉትን ያህል ሲመላለሱ የሄዱትን ርቀት ትለኪያለሽ። 30 ሜትር ኮሪደር፣ ሰዓትና ወንበር ይበቃሻል።

ቀላል ይመስላል። እኛ ጋ የሚያበላሸው አንጀታችን ነው። ሴትዮዋ ሲደክማቸው "በቃ ይረፉ እማማ" እንላለን። ወይ ክንዳቸውን ይዘን አብረን እንሄዳለን። ያኔ የለካሽው የራስሽን እርምጃ ነው! ከጎናቸው አትሂጂ። በየደቂቃው የምትናገሪው ማበረታቻ ለሁሉም አንድ ይሁን። መቆም ካሻቸው ይቁሙ፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ከተንገዳገዱ ወዲያው አስቁሚ። የደም ግፊታቸውንም ቀዶ ሕክምና ባልተደረገበት በኩል ባለው ክንድ ለኪ።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ከአየር የሚገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ለባሕር ጠለል በተሠራ ሠንጠረዥ ኦክስጅናቸውን ከመዘንሽ፣ ደህናዋንም ደካማ ልትያት ትችያለሽ።

ዲግሪሽ ብቻውን ሕመምተኛ እንድታክሚ አይፈቅድልሽም፤ ከሐኪምና ከፊዚዮቴራፒስት ጎን መሥራት አለብሽ። ፊዚዮቴራፒን እንደ አዲስ መማር ከፈለግሽ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። እኔ ግን ከዜሮ አትጀምሪ ባይ ነኝ። ማስተርስሽን በስፖርት ፊዚዮሎጂ ያዢ። እስከዚያው ስለ ካንሰር የሚያጠኑ ሐኪሞችን አፈላልጊና መረጃ ሰብሳቢ ሆነሽ ግቢ።

በዚህ ሳምንት አሥር ጤነኛ ጓደኞችሽን ሁለት ሁለቴ ለኪ። ሁለተኛው ትንሽ ቢረዝም አይግረምሽ፤ መንገዱን ስለለመዱት ነው። ቁጥሮቹን ይዘሽ ጻፊልኝ፣ ሲቪሽን አብረን እናስተካክለዋለን።