ባንዱ ለምን መልሶ አልደወለልኝም? ለሐዋሳዋ ቤዝ ተጫዋች የተሰጠ መልስ

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አብሮ የመጣውን ቅጂ ግን አራት ጊዜ ነው የሰማሁት። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስተዋውቅ። ጠያቂዋ ዓምና በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ሥራ በመፈለግ ላይ ናት። ከ16 ዓመቷ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኗ የአምልኮ ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። ከወር በፊት ቅዳሜና እሑድ ማታ በሆቴል፣ በሠርግ ወቅት ደግሞ በየድንኳኑ የሚሠራ አንድ ባንድ ልምምድ ላይ ጠርቶ ፈተናት። መሪው «ጣትሽ ጎበዝ ነው፤ እንደውልልሻለን» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። «ጋሼ፣ ምን እንደጎደለኝ ሳይሸፋፍኑ ይንገሩኝ» ትላለች። ባለ አምስት ክር ቤዝ ልግዛ ወይ፣ የሒሳቡን ሥራ ፍለጋስ ልተወው ወይ የሚሉ ጥያቄዎችም አሏት።

ሳልሸፋፍን እነግርሻለሁ። የሙያ አማካሪ ከመሆኔ በፊት ዘጠኝ ዓመት በሐዋሳ፣ በይርጋለም፣ በዲላና በሶዶ ሠርጎች ላይ ቤዝ ይዤ ቆሜአለሁ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ከወንበሬ ትንሽ ቀና ብዬ ነው የምመልሰው።

በፈተናው ዕለት በስልክሽ የቀዳሽውን አብረን እንስማው። አርባ ስምንተኛው ሰከንድ ላይ ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ትንፋሹ ራሱ ይሰማል። በዚያች ክፍተት ውስጥ ከወፍራሙ ክር ተነሥተሽ እስከ ቀጭኑ ድረስ አሥራ አንድ ኖታ ወጣሽ። ቆጥሬዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ አንዱም አልተኮላተፈም፤ እኔ በአንቺ ዕድሜ አልችለውም ነበር። ችግሩ የሚቀጥለው ስንኝ የሚጀምረው ከታች መሆኑ ነው። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት አንቺ ገና ላይ ነሽ፤ ለአንድ ምት ተኩል ያህል ከሥሩ የሚይዘው ድምፅ የለም። ስለዚህ ቃሉን ትንሽ አዘግይቶ፣ ትንሽም አውርዶ ገባ። ድራም ተጫዋቹ ሊጠብቀው ብሎ እጁን ያዝ አደረገ። ጊታሩ ግን አልጠበቀም። ከዚያ ተሰበሰባችሁ፤ የሚጨፍር ሰው ቢኖር ኖሮ ግን እግሩ ተሳስቶበት ነበር።

መሪው የሰማው ያንን ነው። ጣትሽን ያመሰገነው ከልቡ ይመስለኛል። ብቻ ለመጪው ቅዳሜ የሚፈልገው ሌሎቹ ሲወጡ ቤት የሚጠብቅ ሰው ነበር።

ቤዝ በሁለት ቤት ያገለግላል። ከድራሙ የእግር ከበሮ ጋር ተጣምሮ ምቱን ይረግጣል፤ ለኪቦርዱና ለጊታሩ ደግሞ ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት የድምፆች ስብስብ፣ ከየት እንደተነሣ ይነግራቸዋል። ከሁለቱ አንዱ ሲዛነፍ አድማጩ ምን እንደተበላሸ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። ሲስተካከልም ማንም አያመሰግንሽም። ይህን መሸከም የማይችል ሰው ጊታር ቢይዝ ይሻለዋል።

ሰው የማይነግርሽ ሌላ ነገር አለ፤ ድምፁ የሚያልቅበት ቦታ ከሚጀምርበት እኩል ዋጋ አለው። የአምልኮ መዝሙር ብዙውን ጊዜ ዝግ ያለ ነው፤ ድምፁን ረጅም አድርጎ መያዝ ለምደሻል፤ አዳራሹም ራሱ ያስተጋባልሻል። ለጭፈራ ግን ያንኑ ድምፅ ትንሿ ከበሮ ከመመታቷ በፊት ግራ እጅሽ ከክሩ ላይ ቀለል ብሎ ሊያፍነው ይገባል። ትከሻን የሚያስነሣው ያ ክፍተት ነው። ቅጂሽ ላይ ክፍተት የለም፤ አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ እየፈሰሰ ነው። ደግሞ ቦታውም ይለያያል። በሲሚንቶ አዳራሽ ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ይንጎደጎዳል፤ እዚያ አሳጥረሽ፣ የታችኛውንም ድምፅ ቀነስ አድርገሽ ነው የምትጫወቺው። ሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ያው ድምፅ በኖ ይጠፋል። ያንኑ ዘፈን በሁለቱ ቦታ በአንድ ዓይነት እጅ የሚጫወት ሰው ገና ተማሪ ነው።

መድኃኒቱ አሰልቺ ነው። ምት የሚቆጥርልሽን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጊና ወፍራሙን ክር ብቻ፣ አንድ ድምፅ ብቻ፣ አሥር ደቂቃ ተጫወቺ። መጀመሪያ ድምፁን እስከሚቀጥለው ምት ድረስ ያዢው፤ ከዚያ ግማሹ ላይ ቁረጪው፤ ከዚያ ሩቡ ላይ። ቅጂውን ስትሰሚው በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። የወፍራሙ ክር ድምፅ በሰከንድ 41 ገደማ ንዝረት ነው፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት ስለማይችል የምትሰሚው ከላይ ያለውን ቅሪት ነው። ርዝመቱ፣ መፍሰሱ፣ መደራረቡ ሁሉ እዚያ ይደበቃል። ብዙ ወጣቶች አጨዋወታቸው ያለቀለት የሚመስላቸው በስልክ ስለሰሙት ነው።

የአገራችን ሙዚቃ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከኢንተርኔት የተማረ ቤዝ ተጫዋች እጁ ሳያስበው የሚሄድበት መንገድ አለ፤ መነሻውን ይመታል፣ ከዚያ አምስተኛውን፤ ከዶ ከተነሣ ሶልን ማለት ነው። በትዝታና በባቲ ቅኝት ያስኬዳል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ያዋርድሻል። ከዶ ብንነሣ አንቺ ሆዬ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ነው፤ ያ የለመድሽው ሶል ቅኝቱ ውስጥ የለም። ማሲንቆ የያዘ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ያንን ሶል ብትመቺ ዞር ብሎ ያይሻል። እኔ ታይቻለሁ። በባህል ቡድን ውስጥ ቤዝ ክራር የሚጫወት ሰው ብታገኚ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አጠገቡ ተቀመጪ፤ ከየትኛው ድምፅ ወደ የትኛው እንደሚሄድና የትኛውን እንደሚዘል ብቻ ተመልከቺ።

ምቱም እንደዚያው ነው። ችክችካው በስድስት ስምንተኛ ይቆጠራል፤ ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርገሽ ለሁለት፣ ወይም ሁለት ሁለት አድርገሽ ለሦስት ልትረግጪው ትችያለሽ። የትኛው ጎልቶ እንደሚሰማ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ቤዙ ነው። ሐዋሳ ላይ ሠርግ ስትሠሪ ደግሞ በአንድ ሌሊት የሲዳማው፣ የወላይታው፣ የጉራጌው፣ የኦሮሞው ይከታተላል፤ ሁሉም የየራሱ አረጋገጥ አለው። ግራ ሲገባሽ የፍሬቱን ሰሌዳ ማየት ትተሽ የጨፋሪዎቹን እግር እዪ።

አሁን ስለ ገበያው። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች በግራ እጁ ቤዙን፣ በመሣሪያው ውስጥ በተጫነው ምት ደግሞ ድራሙን ሊሸፍን ይችላል። የሆቴል ባለቤት ይህን ያውቃል፤ ታዲያ ለአንቺ ለምን ይከፍላል? መልሱ ፍጥነት ሊሆን አይችልም፤ በፍጥነት መሣሪያ አይቀደምም። መሣሪያው የማያደርገው ሌላ ነው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ዘልሎ ሲገባ አብሮት አይዘልም። ሙሽሮቹ በፎቶ ምክንያት በር ላይ ሲዘገዩ የመግቢያውን ዘፈን በለስላሳው ማራዘም፣ ሽማግሌው ሊመርቁ ሲነሡ ደግሞ ማንም ሳያዝዘው ዝቅ ማለት አይሆንለትም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ነው። በቅጂሽ ውስጥ ምስሉም አለ፤ በሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ውስጥ ከጊታርሽ ቀና ያልሽው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ።

በአንድ ነገር ግን ኪቦርዱ ይበልጥሻል፤ አልደብቅሽም። ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት «ዛሬ አውርዱልኝ» ቢል ኪቦርዱ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል። አንቺ ግን ዘፈኑን ከየትኛውም መነሻ ማንሣት አለብሽ፤ ያውም ሕዝብ እያየሽ። ስለዚህ ዘፈን ስታጠኚ የጣት ቦታ አታጥኚ፤ የመንገዱን ቅደም ተከተል አጥኚ። ከአንድ መነሻ ከቻልሽው በኋላ በማግስቱ ከሌላ ጀምሪው።

አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጃመርሰን በዴትሮይቱ የሞታውን ሸክላ አሳታሚ ስቱዲዮ ያን ሁሉ ቤዝ ሲጫወት ከቀኝ እጁ ክሩን የሚመታው አመልካች ጣቱ ብቻ ነበር። ሸክላዎቹ በመላው ዓለም ሲሸጡም ለዓመታት ስሙ ሽፋናቸው ላይ አልነበረም። ካሮል ኬይ ደግሞ ጊታር ተጫዋች ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ቤዝ ተጫዋች ቀረጻ ላይ ሳይገኝ ቀረና ቤዙን እሷ አነሣችው፤ ከዚያ ወዲያ በሺዎች በሚቆጠሩ ቀረጻዎች ላይ ተጫውታለች። የእኛን ከፈለግሽ አይቤክስ፣ በኋላም ሮሃ ባንድ ያጀባቸውን ዘፈኖች አውጪና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ ለይተሽ ስሚ። ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ቤዙ የት እንደሚቆይ ልብ በዪ።

ስለ ካሮል ኬይ ታሪክ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥራው የተገኘው አንድ ሰው በመቅረቱ ነው። በዚህ ሙያ ከችሎታ ቀድሞ የሚወራው ሰዓት አክባሪነት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ዲላ ድረስ ሄጄ ጃክ ገመዴን ሐዋሳ ረስቼ ነበር። ገመድ ፍለጋ ከተማውን ስዞር ሙሽሮቹ ያለ ቤዝ ገቡ። ባንዱ አላባረረኝም፤ የዚያን ዓመት ሠርግ ሁሉ ግን ከመኪናው ከመውጣቴ በፊት «ገመድ?» እየተባልኩ ነው የኖርኩት። ሁለት ገመድ፣ ትርፍ ክር፣ ትርፍ ባትሪና የጆሮ መከላከያ ከቦርሳሽ አይጥፋ። የጆሮውን አትናቂው፤ በየሳምንቱ ከሲምባል አጠገብ ስድስት ሰዓት መቆም የኋላ ኋላ ያስከፍላል።

ባለ አምስት ክሩን አሁን አትግዢ። አሜሪካዊው ጊታር ሠሪ ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ለገበያ ያቀረበው ቤዝ አራት ክር ነበረው፤ ጃመርሰንም ኬይም በአራት ክር ነው የሠሩት። የአምስተኛው ክር ዝቅተኛ ድምፅ በሰከንድ 31 ንዝረት አካባቢ ነው፤ የአብዛኛው ሆቴል ድምፅ ማጉያ በቅጡ አያሰማውም። በገንዘቡ ጥሩ ክር ግዢ፣ ያለሽንም ጊታር ለባለሙያ አስተካክዪበት።

ከባዱን ወደ ኋላ ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ፤ «ቤተ ክርስቲያን ገና አልሰሙም» ብለሻል። ሐዋሳ ሰፊ ከተማ ብትመስልም ሐይቁ ዳር የቆመ ባንድ ሳይታይ አይቀርም። ዓለማዊ ዘፈን የሚጫወት አገልጋይ ከመድረክ የሚያወርዱ ቤተ ክርስቲያኖች አሉ፤ የማያወርዱም አሉ። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የትኛው ትክክል ነው የሚለው የእኔ ሙያ አይደለም። የምመክርሽ ግን ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ራስሽ ሄደሽ እንድትነግሪያቸው ነው። ስድስት ዓመት ያሳደገሽን ቡድን ተደብቆ መልቀቅ ቆይቶ ያማል። ማታ ወደ ቤት የሚመልስሽ መኪናም ከክፍያው ጋር አብሮ የሚነሣ ጉዳይ ይሁን፤ እንደ ውለታ አትለምኚው።

የሒሳቡን ሥራ ፍለጋ አትተዪ። የሆቴሉ ሥራ የቅዳሜና የእሑድ ነው፤ ሠርጉ ደግሞ ወቅት አለው። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ መተንፈሻ የለም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ብዙ ባንድ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ያንን ጊዜ በደመወዝ የሚያልፍ ተጫዋች የማይረባ ሥራ ሲመጣ እምቢ ማለት ይችላል። ደግሞም ስንት ባንድ የፈረሰው በሙዚቃ እንዳይመስልሽ፤ ቀብዱን ማን ተቀበለ፣ ለነዳጅ ስንት ወጣ በሚል ክርክር ነው። ሒሳብ የምትይዝ ቤዝ ተጫዋች ያገኘ መሪ በቀላሉ አይለቅሽም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ ካልሽ አልከለክልሽም፤ ኖታ ማንበብ ለስቱዲዮ ሥራ በር ይከፍታል። ለዚህ ባንድ ግን ያ አይደለም የጎደለሽ።

ለመሪው አንድ ጊዜ ደውዪለት። ለምን አልጠራኸኝም አትበዪው። «ልምምዳችሁ ላይ ጊታር ሳልይዝ ተቀምጬ ላዳምጥ» በዪው። ከፈቀደልሽ ከድራሙ የእግር ከበሮ ጎን ተቀመጪና ዘፋኙ የት የት ትንፋሽ እንደሚወስድ በወረቀት ላይ ምልክት አድርጊ።

ከዚያ ያንኑ ዘፈን እንደገና ቅጂና ላኪልኝ። በዚህኛው ጊዜ ስልኩን ከአምፕሊፋየርሽ አጠገብ አታስቀምጪው፤ በሩ ጋ ወንበር ላይ ይሁን። ሦስተኛው ክርሽ ደግሞ አምስተኛው ፍሬት ላይ ይንቀጫቀጫል፤ እሱን አስቀድመሽ አሠሪው።