ታንከር ላይ ለምትሄዱ፦ ስለ ደህንነት እውቀትና ስለ ብቃት ምዘና ጥያቄና መልስ

ታንከር ላይ ሁለተኛ ኢንጂነር ነኝ። ነዳጅና ኬሚካል በሚጭኑ መርከቦች ላይ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ኮንትራቴን ጨርሼ አዲስ አበባ እረፍት ላይ ነኝ። ስለ ታንከር ሠራተኞች የደህንነት እውቀትና ምዘና ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ብዙዎቻችሁ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሰልጥናችሁ የመጀመሪያ መርከባችሁን የምትጠብቁ ናችሁ። አንድ እናትም ጽፈውልኛል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሴኮንድ ሰላም። ከቅጥር በፊት በኮምፒውተር የሚሰጠውን የሲኢኤስ ፈተና ልወስድ ነው። ጥያቄና መልሱ በቴሌግራም ይዞራል። እሱን ብሸመድድ አልፋለሁ?

ልታልፍ ትችላለህ ወንድሜ። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ዝግ ቦታ ለመግባት ኦክስጅኑ ስንት መሆን አለበት? የሸመደደ ሰው "20.9 በመቶ" ብሎ ይመልሳል፣ ነጥቡንም ያገኛል። ከዚያ መርከብ ላይ ወጥቶ ሜትሩ 20.4 ያሳየዋል። "ያው ነው፣ የጎደለው ትንሽ ነው" ይላል። ሜትሩም አይጮኽም። ብዙዎቹ የሚጮኹት 19.5 ላይ ሲደርሱ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ኦክስጅን ከአየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ሌላ ጋዝ ሲገባ ኦክስጅንን ብቻ መርጦ አያስወጣም፣ አየሩን በሙሉ ነው የሚገፋው። ስለዚህ ኦክስጅኑ በግማሽ በመቶ ከጎደለ፣ የገባው ባዕድ ጋዝ 2.4 በመቶ ያህል ሊሆን ይችላል። ይህ ከሚሊዮን 24,000 እጅ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ከሚሊዮን 1,000 እጅ ሲደርስ በጥቂት ትንፋሽ ሰው ይጥላል። ምናልባት ዝገት ኦክስጅኑን በልቶት ይሆናል። ምናልባት ደግሞ መርዝ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ እግርህን አታስገባም።

የሸመደደውም፣ ምክንያቱን የተረዳውም ሰው ፈተናው ላይ "20.9" ብለው መልሰዋል። በሕይወት የሚወጣው ግን ለምን እንደሆነ የገባው ነው። ቴሌግራሙን ተጠቀምበት፣ አልከለክልህም። ግን ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ "ለምን?" ብለህ በራስህ አማርኛ ጻፍ። መጻፍ ካቃተህ ያን ነገር አላወቅከውም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቤዚክ እና አድቫንስድ የታንከር ስልጠና ልዩነታቸው ምንድን ነው? የትኛው ነው የሚያስፈልገኝ?

ሁለቱም የሚመጡት ከዓለም አቀፉ የመርከበኞች ስልጠና ስምምነት፣ ከኤስቲሲደብሊው ነው። ስምምነቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1978 ነው። በ2010 ማኒላ ላይ ተሻሽሎ ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ቤዚክ ከጭነቱ ወይም ከጭነት መሣሪያዎቹ ጋር የተያያዘ ሥራ ለሚመደብ ማንኛውም መኮንንም ሆነ ተራ መርከበኛ ነው። አድቫንስድ ለካፒቴኑ፣ ለዋና መኮንኑ፣ ለቺፍ ኢንጂነሩ፣ ለሁለተኛ ኢንጂነሩ፣ እንዲሁም መጫንና ማራገፉን በቀጥታ ለሚመራ ሰው ነው። ለአድቫንስድ ኮርሱ ብቻ አይበቃም። በዚያ ዓይነት ታንከር ላይ ቢያንስ 3 ወር መሥራት አለብህ። ሌላው አማራጭ ከመደበኛው ሠራተኛ ተጨማሪ ሆነህ ቢያንስ አንድ ወር መሰልጠን ነው። በዚያ ወር ውስጥ ቢያንስ 3 መጫንና 3 ማራገፍ ተመዝግቦልህ መገኘት አለበት።

የነዳጅና የኬሚካል ታንከር ቤዚክ አንድ ላይ ነው። የጋዝ ለብቻው ነው። ስለዚህ ከማመልከትህ በፊት መርከቡ ምን እንደሚጭን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ኢነርት በተደረገ፣ ማለትም ኦክስጅኑ እንዲያንስ በማይነድ ጋዝ በተሞላ ታንክ ውስጥ የሚቀጣጠል ጋዝ መለኪያው ዜሮ ካሳየ ታንኩ ንጹህ ነው ማለት ነው?

አይደለም! ይቺ ጥያቄ ብዙ ሰው ትጥላለች።

የተለመደው መለኪያ የሚሠራው ጋዙን ውስጡ ባለች ትንሽ ሽቦ ላይ አቃጥሎ ነው። ለማቃጠል ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል። የቡና ከሰል ላይ ክዳን ብትደፉበት ይጠፋል አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። ኢነርት ታንክ ውስጥ በቂ ኦክስጅን ስለሌለ መለኪያው አያቃጥልም፣ ስለማያቃጥል ዜሮ ያሳያል። ታንኩ ግን በጋዝ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ኦክስጅን የማይፈልግ ሌላ ዓይነት መለኪያ አለ። መርከቡ ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ በእጃችሁ ይዛችሁ ለዩ።

ጥያቄ፦ ኢነርት ጋዝ ያስፈለገው ለምንድን ነው? ቁጥሮቹስ የትኞቹ ናቸው?

ታሪኩን ካወቃችሁ ቁጥሩ ራሱ ይቀመጣል።

ታኅሣሥ 1969 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ማርፔሳ፣ ማክትራ እና ኮንግ ሃኮን ሰባተኛ የሚባሉ ሦስት ግዙፍ ታንከሮች በአንድ ወር ውስጥ ፈነዱ። ማርፔሳ ሰጠመች። ሦስቱም ድፍድፍ ነዳጅ አራግፈው ባዶ ታንክ በማጠብ ላይ ነበሩ። ክብሪት የጫረ የለም። የውኃው ፍንጣቂ ራሱ በታንኩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙሌት ፈጥሮ እንደነበር ነው ምርመራው ያመለከተው። ከዚያ ወዲህ ነው ኢነርት ጋዝ በዓለም አቀፍ ሕግ አስገዳጅ ወደመሆን የሄደው።

የድፍድፍ ጋዝ ከ11 በመቶ በታች ኦክስጅን ባለበት አይነድም። ስለዚህ ወደ ታንኩ የሚላከው ጋዝ ኦክስጅኑ ከ5 በመቶ አይበልጥም፣ ታንኩ ውስጥ ደግሞ ከ8 በመቶ አይበልጥም። በ8 እና በ11 መካከል ያለችው ክፍተት ለመሣሪያ ስህተትና ለሰው ስህተት የተተወች ናት። እሷን እንደ ትርፍ አትቁጠሯት።

ታንኩን አየር ለማስገባት ስትዘጋጁ ደግሞ መጀመሪያ በኢነርት ጋዝ እየገፋችሁ የሚቀጣጠለውን ጋዝ ከ2 በመቶ በታች ታወርዳላችሁ። አየር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁት ታንኩ በሚነድበት ክልል ውስጥ ያልፋል።

ጥያቄ፦ የቃል ፈተና ላይ "ጓደኛህ ታንክ ውስጥ ወድቆ ብታየው ምን ታደርጋለህ?" ተባልኩ። "ገብቼ አወጣዋለሁ" አልኩ። ጣሉኝ። ጓደኛዬን ልተወው?

አትተወውም ወንድሜ። ግን አትገባም።

እኔም በአንድ ልምምድ ላይ የታንክ በር ጠባቂ ነበርኩ። ታች አሻንጉሊት ሰው አስተኝተዋል። "ሰው ወደቀ" ሲባል ሳላስበው ሁለት ደረጃ ወረድኩ። ዋና መኮንኑ ልምምዱን አስቆመና "አሁን ሁለት አስከሬን አለን፣ ደወሉንም የደወለ የለም" አለ። ያን ቀን ልቤ ቀጥ አለ። ልምምድ መሆኑን እያወቅኩ ነበር የገባሁት። እውነት ቢሆን ምን ላደርግ ነበር?

እኛ ሰው ሲወድቅ ሮጠን የምናነሳ ሕዝብ ነን። መልካም ነገር ነው። ታንክ አፍ ላይ ግን ይኸው መልካምነት ይገድላል። በዝግ ቦታ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ሊያድኑ የገቡ ናቸው። የበር ጠባቂ ሥራው ሬዲዮ ላይ መጮህ፣ ቡድኑን መጥራት፣ ሌላ ሰው ዘሎ እንዳይገባ መከልከል ነው። የአየር ሲሊንደር የተሸከመው የማዳን ቡድን ይገባል።

ደግሞም ማምለጫ መተንፈሻውን፣ ኢኢቢዲ የምንለውን፣ ለማዳን አትጠቀሙ። ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ያህል አየር ብቻ ነው ያለው። የተሠራውም ከአደጋ ለመውጣት እንጂ ወደ አደጋ ለመግባት አይደለም። ሕጉ በየሁለት ወሩ የዝግ ቦታ መግቢያና ማዳን ልምምድ ይደረግ የሚለው ይህ ስሜት በአንድ ትምህርት ስለማይገራ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ማርሊንስ ፈተና ያስፈራኛል።

እህቴ፣ ሰዋስው ላይ አትጨነቂ። ማዳመጥ ላይ አተኩሪ። የተለያየ አገር ሰው እንግሊዝኛ ስሚ፣ የፊሊፒንስ፣ የሕንድ፣ የዩክሬን። መርከብ ላይ የምታገኚው እሱን ነው። ትእዛዝ ሲሰጥሽ መልሰሽ ድገሚው። ካልሰማሽ "ይድገሙልኝ" በይ። ሳይገባ "እሺ" ማለት ታንከር ላይ ቫልቭ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ሳየር 2.0 የሚባለው፣ የነዳጅ ኩባንያዎች ታንከር የሚያስመረምሩበት ቁጥጥር ሲመጣ እኔን ካዴቱንም ይጠይቁኛል?

አዎ። በፈረንጆቹ ከመስከረም 2024 ጀምሮ አዲሱ አሠራር ገብቷል። መርማሪው ታብሌት ይዞ ይመጣል። ዕቃውን ያያል፣ አሠራሩን ያያል፣ ሰውንም ያያል። ድሮ ወረቀቱ ከተሟላ ብዙ ነገር ያልፍ ነበር። አሁን ፓምፕ አጠገብ አስቁሞ "ይህ ቢሞቅ ምን ታደርጋለህ? እስቲ አሳየኝ" ሊልህ ይችላል።

የማታውቀውን አትፍጠር። "ይህን አላስታውስም፣ መመሪያው ግን እዚህ አለ" ብለህ ገጹን ማውጣት ጥሩ መልስ ነው። የራስህን ሥራ ግን ማወቅ አለብህ። ለምሳሌ የሞተር ክፍል ልጅ ከሆንክ የፓምፕ ክፍሉን እወቀው። የአየር ማስወጫው ካልሠራ መብራቱ አይበራም፣ ሆን ተብሎ እንደዚያ ነው የተገናኘው። መብራት እምቢ ሲልህ አምፖል ከመፈለግህ በፊት ስለ አየሩ አስብ።

ጥያቄ፦ የስልጠና መዝገቤ ላይ ያልሠራሁትን ሥራ "ሠርቷል" ብለው ፈረሙልኝ። ጊዜ የለም አሉ። ምንም አይደለም አይደል?

ነው እንጂ። በጣም ነው።

የካቲት 28 ቀን 2004፣ ይህም በፈረንጆቹ ነው፣ ቦው ማሪነር የምትባል የኬሚካል ታንከር በአሜሪካ ቨርጂኒያ ጠረፍ አቅራቢያ ፈንድታ ሰጠመች። 27 ሰው ነበረባት። የተረፉት 6 ናቸው። ጭነቷ ኤታኖል ነበር። ባዶዎቹ ታንኮች ግን ኤምቲቢኢ የሚባል በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ አራግፈው ትነቱ አልወጣላቸውም። ካፒቴኑ ለማጠብ ሲባል 22ቱም ባዶ ታንኮች እንዲከፈቱ አዘዘ። ትነቱ ወጥቶ በመርከቡ ወለል ላይ ተኛ።

የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ምርመራ ያገኘው ነገር ነው ልቤን የሚነካኝ። የደህንነት አሠራሩ በወረቀት ነበር፣ በተግባር ግን አልነበረም። የበታች ሠራተኞቹ ትእዛዙን ያልጠየቁት ሁለት ነገር ስለያዛቸው ነው፤ አንዱ በቂ ቴክኒካዊ እውቀት ማጣት፣ ሁለተኛው አለቆቻቸውን መፍራት።

መዝገብህ ላይ ያለው የሐሰት ፊርማ የመጀመሪያውን ነው የሚሠራው። እውቀት ሳይኖርህ እንዳለህ ያስመስልሃል። ነገ ትእዛዝ ሲሰጥህ ስህተት መሆኑን የምታውቅበት ነገር አይኖርህም።

ፈራሚውን አታጣላ። "ቺፍ፣ ይህን ሥራ ገና አላየሁትም፣ በሚቀጥለው ማራገፍ ከጎንዎ ልቁም?" በለው። በእኔ ልምድ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል።

ጥያቄ፦ አለቃን መፍራቱስ? እኛ ታላቅን እየተቃወምን አላደግንም። "አልሠራም" እንዴት ይባላል?

 እህቴ፣ ጥያቄሽ ከሁሉም የከበደው ነው።

እኔ የተማርኩት ዘዴ ይህ ነው። ሰውየውን አትቃወሚ፣ ወረቀቱን ጠይቂ። "የመግቢያ ፈቃዱ የት ነው? የጋዝ ልኬቱ በስንት ሰዓት ነው የተወሰደው?" ይህ ድፍረት አይደለም፣ ሥራ ነው። ልኬቱ ከሌለ ራሱ አለቃውም ቆም ይላል። ቆም ካላለ "ልኬቱ እስኪመጣ እዚህ እጠብቃለሁ" ብለሽ ቁሚ። ሥራ የማስቆም መብት ለማንኛውም ሠራተኛ እንዳለው ብዙ ኩባንያዎች በመመሪያቸው ይጽፋሉ። ገጹን አስቀድመሽ አግኚውና ምልክት አድርጊበት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ እናት ነኝ። ልጄ ጋዝ የሚጭን መርከብ ላይ ተመደብኩ አለኝ። ሰዎች "ቦምብ ላይ እንደመቀመጥ ነው" አሉኝ። እንቅልፍ አጣሁ።

እናቴ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። የእኔም እናት እንደርስዎ ናት።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ጋዙ ከአየር ጋር ሳይገናኝ በዝግ ታንክና በዝግ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚጓዘው። የተፈጥሮ ጋዝ ከሆነ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ ፈሳሽ ሆኖ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ ቫልቮቹ በራሳቸው የሚዘጉበትና ፓምፑ የሚቆምበት ሥርዓት አለ። ልጅዎም ሳይሰለጥን ጭነቱን አይነካም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ሲደውል "በላህ ወይ?" ብቻ አይበሉት። "ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?" ይበሉት። ሕጉ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት እረፍት፣ በሳምንት ደግሞ 77 ሰዓት ይሰጠዋል። የደከመ ልጅ የሚያውቀውን ይረሳል። እናት ስትጠይቀው እውነቱን ይናገራል።

ጥያቄ፦ ነገ እሳፈራለሁ። መርከቡ ላይ ስወጣ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሻንጣህን አስቀምጥና ከካቢንህ እስከ መሰብሰቢያ ቦታህ በእግርህ ሂድ። በሮቹን ቁጠር። ደረጃው ስንት እርከን እንዳለው ቁጠር። ተመለስ። ሁለተኛውን መውጫ ፈልግና እንደገና ቁጠር። ከዚያ አብሮህ የሚሄድ ሰው ያዝ፣ ዓይንህን ጨፍነህ እጅህን ግድግዳው ላይ እያስኬድክ አንድ ጊዜ ሂደው። ጭስ ሲኖር የምታየው ነገር የለም። ኢኢቢዲው የት እንደተሰቀለ በእጅህ ንካው። ሻንጣህን ከዚያ በኋላ ትፈታለህ።